የጥርስ ሐኪም የሥራ ጫና የሚቀልለው የት ነው? ቀጠሮው፣ መርፌውና ወንበሩ

የጥርስ ሐኪም የሚሠራው ከጥቂት ሳንቲ ሜትር በማትበልጥ፣ ምራቅ በሚሞላት ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። ታካሚው ነቅቷል፤ ይፈራል፣ ይውጣል፣ ምላሱን ያንቀሳቅሳል። የሐኪሙ እጅ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳት አይፈቀድለትም፣ አንገቱ ለሰዓታት እንደጎበጠ ይቆያል፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ ቀጠሮው ያለፈበት ሌላ ሰው ሰዓቱን እያየ ተቀምጧል። ይህ በአንድ ቀን ስምንትና አሥር ጊዜ ይደጋገማል።

ለዚህ ድካም በብዛት የሚሰጠው ምክር «ዕረፍት ውሰድ» የሚል ነው። ዕረፍት ይጠቅማል። ሐኪሙ ተመልሶ የሚያገኘው ግን ያንኑ የተጨናነቀ መዝገብ፣ ያንኑ ያልተስተካከለ ወንበር፣ ያንኑ በጥድፊያ የሚሰጥ መርፌ ከሆነ ያረፈው ሰውነት ብዙ ሳይቆይ ይዝላል። ስለዚህ እዚህ የምንጀምረው ጫናው ከሚፈጠርበት ቦታ፣ ከሕክምና ክፍሉ ነው። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ስሜትና ስለ እርዳታ መጠየቅ የሚባለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በመጀመሪያ ጫናውን መመዝገብ

«ታካሚ በዝቶብኛል» የሚል ሐኪም ብዙ ነው። መዝገቡ ሲታይ ግን ቀኑን የሚያበላሹት አንድ ወይም ሁለት የሥራ ዓይነቶች ሆነው ይገኛሉ። ይህን ለማወቅ ለሁለት የሥራ ሳምንታት አራት ሰዓቶችን ያስመዝግቡ፦ ታካሚው ወንበር ላይ የተቀመጠበት፣ ማደንዘዣ የተሰጠበት፣ ሕክምናው ያለቀበት እና ክፍሉ ጸድቶ ለቀጣዩ ታካሚ የተዘጋጀበት። የሚጽፈው ረዳት ይሁን፤ ሐኪሙ ጓንት እያወለቀ ከጻፈ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል።

ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ ውጥረትዎን ከ0 እስከ 10 በሆነ ቁጥር ይናገሩና ረዳትዎ ከሰዓቱ ጎን ያስፍረው። ቁጥሩ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምክንያቱን በሁለት ሦስት ቃል ይጨምሩ፦ «ማደንዘዣ አልያዘም»፣ «ዕቃ አልተዘጋጀም»፣ «ታካሚው ዘግይቷል»፣ «የዋጋ ክርክር»። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 7 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ብቻ ለይተው በየምክንያታቸው ይደርድሯቸው። በብዛት የተደጋገመው ምክንያት የመጀመሪያ ሥራዎ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስተካከል አይሞክሩ። ያ ራሱ ሌላ ጫና ይሆናል።

የቀጠሮ መዝገቡ

አብዛኛው መዘግየት የሚወለደው ጠዋት ሳይሆን ቀጠሮው በተያዘበት ቀን ነው። ክሊኒኮች ለአንድ ሥራ የሚመድቡት ደቂቃ ብዙውን ጊዜ አማካዩን ወይም ሐኪሙ «ሲሳካልኝ የሚፈጅብኝ» ብሎ የሚያስበውን ነው። አማካይ የማይበቃበት ምክንያት ቀላል ነው። ከሥራዎቹ ግማሽ ያህሉ ከአማካዩ በላይ ይፈጃሉ። አንድ ሥራ 15 ደቂቃ ሲያልፍ መዘግየቱ ወደ ቀጣዩ ታካሚ ይሻገራል፤ ሌላው 15 ደቂቃ ቀድሞ ሲያልቅ ግን ቀጣዩ ታካሚ ገና ስላልመጣ ያ ትርፍ ደቂቃ ይባክናል። መዘግየት ይጠራቀማል፣ መፍጠን አይጠራቀምም።

ስለዚህ የመዘገቡትን ይጠቀሙ። ለምሳሌ የኋላ ጥርስ መሙላትን 12 ጊዜ መዝግበው ከሆነ ደቂቃዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረው 9ኛውን ይውሰዱ። አማካዩ 42 ቢሆንና 9ኛው 50 ቢሆን ለሥራው 50 ደቂቃ ይያዝ። ይህ ከአራት ቀጠሮ ሦስቱ በሰዓታቸው ይጠናቀቃሉ ማለት ነው። ክፍል ማጽዳትና ካርድ መጻፍ በዚያው ደቂቃ ውስጥ መካተት አለባቸው። ካርዱ ወደ ማታ ሲገፋ ሁለት ጉዳት አለው፦ ዝርዝሩ ይረሳል፣ ቤትም ሥራ ይገባል።

የድንገተኛ ሕመምተኛ ጉዳይ ለብቻው ይታሰብበት። ጥርስ ያመመው ሰው በየቀኑ ይመጣል፤ ስንት እንደሚመጣ መዝገብዎ ይነግርዎታል። በቀን በአማካይ ሁለት የሚመጡ ከሆነ ከምሳ በፊት አንድ፣ ከሰዓት በኋላም አንድ የ20 ወይም የ25 ደቂቃ ክፍት ቦታ ይተዉ፤ እስከዚያው ጠዋት ድረስም ለሌላ ታካሚ አይሰጥ። በዚህ ቦታ የሚሠራው ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው፦ መመርመር፣ ራጅ ማንሳት፣ መግል ካለ ማፍሰስ፣ የተቆጣውን ነርቭ ከላይ አንስቶ በጊዜያዊ መሙያ መሸፈን። ሙሉውን ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ቦይን አጽድቶ መሙላት) በዚያች 25 ደቂቃ ለመጨረስ መሞከር ቀኑን ሙሉ ይዞ የሚሄድ ስሕተት ነው። «ዛሬ ሕመሙን አቆማለሁ፤ ጥርሱን በሥርዓት የምንጨርሰው በቀጠሮ ነው» ብሎ በመጀመሪያው ደቂቃ መናገር ይበቃል።

ከባድ ሥራዎችን አያከታትሉ። ሁለት አስቸጋሪ መንቀል ወይም ሁለት የመንጋጋ ጥርስ ሩት ካናል ጎን ለጎን ሲያዙ ሁለተኛው የሚጀመረው በደከመ እጅ ነው። ትኩረት የሚሻው ሥራ ጠዋት ይሁን። ትንንሽ ልጆችም ጠዋት ይሻላሉ፤ ከሰዓት በኋላ እነሱም ደክመው ይመጣሉ። ከጠዋቱም ከከሰዓቱም እኩሌታ ላይ ባዶ 15 ደቂቃ ይኑር። ይህች ባዶ ቦታ እንደ ብክነት ስለምትታይ ቀድማ የምትሸጠው እሷ ናት፤ እኛ ግን ከመዝገቡ ሁሉ የምንከላከላት እሷን ነው። ዘግይተው ከሆነ ታስተካክላለች፣ ካልዘገዩ ትቀመጡባታላችሁ፣ ውኃ ትጠጡባታላችሁ።

መዘግየቱ ግን ይደርሳል። ለዚያ ቀን ስምምነት ቀድሞ ይዘጋጅ፦ ሐኪሙ 15 ደቂቃ ካለፈው ቀጠሮ ያዡ ራሱ ወጥቶ ለሚጠብቀው ታካሚ ይነግራል፣ ሁለት ምርጫም ይሰጠዋል፤ ለተወሰነ ደቂቃ መጠበቅ ወይም ሌላ ቀን መያዝ። ሰውን የሚያስቆጣው ከመጠበቁ ይልቅ ስንት እንደሚጠብቅ አለማወቁ ነው። ሐኪሙም ውጭ ያለው ሰው እንደተነገረው ካወቀ እጁ ይረጋጋል።

ማደንዘዣው ሳይይዝ ሲቀር

በጥርስ ሕክምና ውስጥ «አመመኝ!» የሚል ድምፅን ያህል ልብ የሚያስደነግጥ ነገር ጥቂት ነው። የታካሚው ፍርሃት ወደ ሐኪሙ ይጋባል፣ ሐኪሙ ይቸኩላል፣ ችኮላው ሌላ ሕመም ያመጣል። ይህን ክብ ለመስበር ትልቁ መንገድ መርፌውን በሥርዓት መስጠትና በቂ ጊዜ መጠበቅ ነው።

ድዱን በጋዝ ያድርቁ፤ እርጥብ ላይ የተቀባ ማደንዘዣ በምራቅ ታጥቦ ይሄዳል። የሚቀባውን ማደንዘዣ ለ1 እስከ 2 ደቂቃ ይተዉት። መርፌውን ሲያስገቡ መጀመሪያ ወደ ኋላ ስበው ደም አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በደቂቃ ወደ 1 ሚሊ ሊትር በሚሆን ፍጥነት ይግፉ። 1.8 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ካርትሪጅ (የማደንዘዣ ብልቃጥ) ወደ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ግድግዳ ላይ ባለ ሰዓት ቢለኩት ብዙ ሐኪሞች በ20 እና በ30 ሰከንድ እንደሚጨርሱት ያያሉ። መርፌውን የሚያሳምመው በብዛት ይህ ፍጥነት ነው።

ለታችኛው መንጋጋ የነርቭ ማደንዘዣ ከሰጡ ከንፈር መደንዘዙን ብቻ አይመኑ። ከንፈሩ ደንዝዞ የጥርሱ ነርቭ ንቁ ሊሆን ይችላል። የጥርሱ ነርቭ እስኪደነዝዝ 10 እስከ 15 ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል ያንን ጊዜ ለካርድ መጻፊያ፣ ለራጅ ማያ ወይም ለረዳት ማዘዣ ይጠቀሙበት። ከመጀመርዎ በፊት ጥርሱን በቅዝቃዜ ይፈትኑት፤ ቅዝቃዜው ከተሰማው መሰርሰሪያም ይሰማዋል። በከባዱ የተቆጣ የታች መንጋጋ ጥርስ ላይ የመጀመሪያው መርፌ አለመያዙ የታወቀና ተደጋጋሚ ነገር ነው፤ የሐኪሙ ጉድለት አይደለም። በጥርሱና በአጥንቱ መካከል የሚሰጥ ወይም ከጉንጭ በኩል በ4 በመቶ አርቲኬይን (ሌላ የማደንዘዣ ዓይነት) የሚሰጥ ተጨማሪ መርፌ አስቀድሞ ትሪው ላይ ይዘጋጅ። ሁለተኛ እቅድ ትሪ ላይ ሲታይ ልብ ይረጋጋል።

ተጨማሪ በሰጡ ቁጥር መጠኑን ይደምሩ። 2 በመቶ የሆነ ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በ1.8 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ ውስጥ 36 ሚሊ ግራም ይይዛል። የታካሚው ክብደት የሚፈቅደውን ከፍተኛ መጠን ከሥራው በፊት አስልተው ካርዱ ላይ ቢጽፉ በጭንቀት ሰዓት ስሌት ውስጥ አይገቡም። በተለይ ለልጆችና ክብደታቸው ዝቅ ላለ አዋቂዎች ይህ አይታለፍ።

የሚፈራ ታካሚና የሚቆጣ ታካሚ

ለሚፈራ ሰው «አይዞህ፣ ምንም የለም» ማለት ብዙ አይሠራም፤ እሱ ምን እንደሚሰማው ያውቀዋልና። የሚሠራው ማቆም በራሱ እጅ መሆኑን ማሳወቅ ነው። «ግራ እጅዎን ካነሱ ወዲያው አቆማለሁ» ይበሉ፤ ከዚያ ሥራ ሳይጀምሩ አንድ ጊዜ ያስሞክሩትና በእርግጥ ያቁሙ። ግራ እጅ የሚመረጠው ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሐኪም ከመሣሪያው ራቅ ስለሚል ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ እንኳ ችላ ከተባለ ታካሚው ዳግመኛ አያምነውም፤ ከዚያ ወዲያ ጡንቻውን አግትሮ፣ አፉን ግማሽ ከፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ ሐኪሙም ይህንኑ በትከሻው ይከፍላል።

ለልጅ መጀመሪያ መናገር፣ ከዚያ ማሳየት፣ ከዚያ መሥራት የሚለው የቆየ ቅደም ተከተል እስካሁን የተሻለው ነው። በመናገርና በመሥራት መካከል ያለው ጊዜ ግን አጭር ይሁን፤ ረጅም ማብራሪያ ፍርሃት ያበቅላል።

የተቆጣ ሰው ሲያጋጥም ወንበሩን ቀና ያድርጉ፣ ማስክዎን ያውልቁ፣ ዓይን ለዓይን በሚያስተያይ ከፍታ ይቀመጡ። በጀርባው ተኝቶ ከላይ የሚያየውን ሰው የሚያነጋግር ታካሚ ቁጣው አይበርድም። ሳያቋርጡ ያስጨርሱት፤ ከዚያ የሰሙትን በአጭሩ ይድገሙለት፣ ማድረግ የሚችሉትንና የማይችሉትን ይንገሩት። ስድብ ወይም ማስፈራራት ካለ ውይይቱ እዚያው ያበቃል፤ ረዳቱም ብቻውን ከዚያ ሰው ጋር አይተው። የዋጋ ንግግር ደግሞ ከሕክምናው በፊት፣ በጽሑፍ፣ ቢቻል ከሐኪሙ ሌላ በሆነ ሰው ይደረግ። አፍ ተከፍቶ እያለ የሚነሣ የዋጋ ጥያቄ ሐኪሙን ከሐኪምነት ወደ ነጋዴነት ይገፋዋል፤ ብዙዎችን ውስጥ ውስጡን የሚያደክማቸውም ይህ ነው።

ወንበሩና አንገቱ

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንገት ወደ ፊት በጎበጠ ቁጥር የሚሸከመው ይጨምራል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ የስሌት ሥራ 60 ዲግሪ ላይ ጫናው 27 ኪሎ ግራም አካባቢ እንደሚደርስ አመልክቷል። የጥርስ ሐኪም ደግሞ በዚያ ቅርጽ ላይ ሳይነቃነቅ ነው የሚቆየው። ሳይንቀሳቀስ የተኮማተረ ጡንቻ ደም በደንብ አይደርሰውም፤ ሕመሙም ማታ የሚመጣው ለዚህ ነው።

የአብዛኛው ሰው ስሕተት ራሱን ለታካሚው ማስተካከሉ ነው። ቅደም ተከተሉ ተቃራኒ ይሁን፦

1. መጀመሪያ ራስዎ ይቀመጡ። እግር መሬት ላይ ይረፍ፣ ዳሌ ከጉልበት ጥቂት ከፍ ይበል፣ በጭንና በደረት መካከል ያለው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ሰፋ ብሎ ወደ 110 ወይም 120 ይጠጋ። እንዲህ ሲሆን የወገብ ተፈጥሯዊ ጉብጠት አይጠፋም።
2. ክርንዎን ከጎንዎ ያሳርፉ፣ ትከሻ ይውረድ፣ ክንድዎን ወደ ፊት ያጥፉ።
3. አሁን የታካሚውን ወንበር ያንሱ ወይም ያውርዱ፤ አፉ በክርንዎ ከፍታ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ይሁን። በጣም ከፍ ካለ ትከሻ ይነሣል፣ በጣም ዝቅ ካለ ወገብ ይጎብጣል።
4. ታካሚው ጭንቅላቱ ከመደገፊያው ጫፍ ጋር እስኪገጥም ወደ ላይ እንዲንሸራተት ይጠይቁት። ይህን የሚረሳ ሐኪም ቀኑን ሙሉ አሥር ሳንቲ ሜትር ተጠግቶ ሲዘረጋ ይውላል።
5. ለላይኛው መንጋጋ ሙሉ በሙሉ አስተኝተው አገጩን ወደ ላይ ያድርጉ፤ ለታችኛው የወንበሩን ጀርባ ወደ 20 ዲግሪ ቀና አድርገው አገጩን ዝቅ ያድርጉ። «ወደ እኔ ይዙሩ» ማለትን አይፍሩ፤ የታካሚው አንገት ለጥቂት ደቂቃ ነው የሚዞረው፣ የእርስዎ ለዓመታት።

አንገት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በላይ እንዳይጎብጥ ማድረግ ግቡ ነው። ሉፕ (ዓይን ላይ የሚደረግ ማጉያ መነጽር) ይረዳል፤ ነገር ግን የሚረዳው ለእርስዎ ከተለካ ብቻ ነው። የሥራ ርቀቱ በትክክል ተቀምጠው ሳሉ ከዓይን እስከ ጥርስ ያለው ይሁን፤ ለብዙ ሰው ከ35 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሌንሱ ወደ ታች የሚያዘነብልበት ማዕዘን ካነሰ ጭንቅላት ይጎብጣል፤ ተገዝቶ አንገት ያሳመመ ሉፕ በአብዛኛው ችግሩ ይህ ነው። ለጀማሪ 2.5 እጥፍ ማጉላት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የሚታየው ስፋት ስለሚጠብብ መልመድ ጊዜ ይወስዳል።

በየ20 ደቂቃው ግማሽ ደቂቃ ይቁሙ። መሣሪያ ያስቀምጡ፣ የትከሻ አጥንቶችን ወደ ኋላ ያቀራርቡ፣ አገጭን ወደ ኋላ ስበው 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ደረት ይክፈቱ። ሁሉም እንቅስቃሴ ከሥራው ቅርጽ በተቃራኒ ነው። ዓይንም በዚያው 6 ሜትር ገደማ ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ይይ። ረዳቱም አብሮ ይቁም፤ የረዳቱ ወገብ ከሐኪሙ ባልተናነሰ ይጎዳል፤ ወንበሩም ከሐኪሙ ዓይን 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲያይ መስተካከል አለበት።

ለእጅ፣ መያዣው 10 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውና ክብደቱ 15 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ የእጅ መሣሪያ ጣትን በእጅጉ ያሳርፋል። የደነዘ የጥርስ መጥረጊያ መሣሪያ ጉልበት ይጠይቃልና በየጊዜው ይሳል። የጠበበ ጓንት፣ በተለይ ለሁለቱም እጅ ተብሎ የተሠራው፣ የአውራ ጣት ሥርን ያሳምማል። ሌሊት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መካከለኛ ጣት ከደነዘዙ የእጅ አንጓ ነርቭ እየተጨቆነ ሊሆን ይችላል፤ ትንሿና ቀለበት ጣት ከሆኑ ደግሞ ክርን አካባቢ ያለው። መያዝ ከደከመ ወይም ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ ሳይዘገዩ ይታዩ።

ጩኸቱ ቀስ እያለ ነው የሚያደክመው። ለ8 ሰዓት የሚመከረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ ያረጀ መሰርሰሪያ፣ የአልትራሳውንድ ማጽጃና መምጠጫ አንድ ላይ ሲሠሩ ወደዚያ ይጠጋሉ። ንግግር የሚያሳልፍ ማጣሪያ ያለው የጆሮ መድፈኛ ይጠቀሙ፣ የማይሠራበትን መምጠጫ ያጥፉ፣ የሚያፏጭ መሰርሰሪያን ያስጠግኑ።

የመርፌ ጭረት

ከተወጉ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ይጠቡ፤ አይጭመቁት፣ በረኪናም አያስነኩት። ዓይን ከሆነ በብዙ ውኃ ያጥቡ። ሥራውን አቁመው ወዲያው ያሳውቁ፤ ታካሚው ከፈቀደም ይመርመር። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ደም በተነካ መርፌ ሲወጉ በቫይረሱ የመያዝ ዕድል 0.3 በመቶ ገደማ ነው። መከላከያ መድኃኒት ከተወሰነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ላልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ አደጋ ስላለው ሦስቱን ክትባት ጨርሰው ከመጨረሻው ከ1 እስከ 2 ወር በኋላ የመከላከያ መጠንዎን ያስመርምሩ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 10 ሚሊ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ውጤቱን በእጅ ይዞ መሥራት ራሱ ብዙ ሌሊት የሚያሳጣ ሐሳብ ያስቀራል። መርፌ መልሶ መክደን ግድ ከሆነ ክዳኑ ትሪ ላይ ተኝቶ በአንድ እጅ ብቻ ይከደን።

ሥራ ሲበላሽ

ፋይል (የሥር ቦይ ማጽጃ ቀጭን መሣሪያ) ቦይ ውስጥ ይሰበራል። ሥር ተሰብሮ ይቀራል። ጥንቁቅ እጅ ላይም ይደርሳል። ጉዳቱን የሚያከብደው መደበቅ ነው። ያቁሙ፣ ራጅ ያንሱ፣ ታካሚውን ቀና አድርገው በቀጥታ ይንገሩት፦ «በጽዳቱ ላይ የመሣሪያው ጫፍ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቷል። ያሉን መንገዶች እነዚህ ናቸው።» የሆነውን፣ የነገሩትንና የተስማሙበትን በዚያው ሰዓት ካርዱ ላይ ይጻፉ፤ ካስፈለገ ለስፔሻሊስት ሪፈር ይጻፉ። ከቦታው ሳይደርሱ ማቆሚያ መወሰንም ይረዳል። ለምሳሌ መንቀል ከመጀመርዎ በፊት «ጥርሱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልተነቃነቀ ከፍዬ አወጣለሁ ወይም ሪፈር እጽፋለሁ» ብለው ለረዳትዎ ይንገሩ። ሰዓቱ ሲደርስ ረዳቱ ያስታውስዎ፤ እልህ ውስጥ የገባ ሐኪም ራሱ ሰዓት አያይም።

በ2000 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ አልበርት ዉ በሕክምና ስሕተት ውስጥ ያለፈ ባለሙያን «ሁለተኛው ተጎጂ» ብሎ ጠራው። ታካሚው የመጀመሪያው ነው፤ ሌሊት ሥራውን በሐሳቡ እየደጋገመ የሚያድረው ሐኪም ደግሞ ሁለተኛው። በዚያው ቀን ለአንድ የሥራ ባልደረባ ይንገሩት። ብቻውን ክሊኒክ ለሚሠራ ሰው ይህ ባልደረባ ከችግሩ በፊት መገኘት አለበት፦ ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሐኪሞች በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተገናኝተው እያንዳንዳቸው ያስቸገራቸውን አንድ ጉዳይ የታካሚውን ስም ሳይጠሩ ያቅርቡ። ያማረ ሥራ ብቻ የሚታይበት ስብሰባ ግን ይጎዳል፤ ሌላው ሁሉ የማይሳሳት መስሎ ይታያልና።

ድካም ወደ ዝለት ሲሻገር

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ በርንአውት (የሥራ ዝለት) ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም። ሦስት መልክ አለው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና መጥላት፣ «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት። በጥርስ ሐኪም ላይ መካከለኛው እንዲህ ይታያል፤ ታካሚው «26 ቁጥር ጥርስ» ብቻ ይሆናል፣ ቀጠሮ የሰረዘ ሰው ሲሰማ ደስ ይላል፣ ካርድ አጥሮ ይጻፋል። ይህ ሲታይ ከላይ የተባለው መዝገብ፣ ባዶው 15 ደቂቃ፣ የሥራ ቀን መቀነስ መልስ ይሆናሉ።

ሐዘን ወይም የምንም ነገር ፍላጎት ማጣት አብዛኛውን ቀን ከያዘና ሁለት ሳምንት ከቆየ ግን ነገሩ ከሥራ ዝለት አልፎ ይሆናል፤ ሐኪም ይታይ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ለሚያምኑት ሰው ተነግሮ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ማታ ብቻዎን አይቆዩ፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑንም ቁልፍ ለሌላ ሰው ያስረክቡ።

ቁልፉ በሌላውም ቀን ቢሆን ይታሰብበት። የጥርስ ሐኪም የሕመም ማስታገሻና የማስተኛ መድኃኒት በእጁ አለ፤ ለራሱ ማዘዝ ይቀልለዋል። ለራስዎ ወይም ለቤተሰብዎ መድኃኒት አይዘዙ፤ የራስዎ ሐኪም ይኑርዎት። ናይትረስ ኦክሳይድም ለመዝናናት የሚሳብ ነገር አይደለም፤ በተደጋጋሚ ሲሳብ ቫይታሚን ቢ12ን ከሥራ ውጭ አድርጎ ነርቭ ይጎዳል። ቡና ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ስላለ የመጨረሻውን ከቀትር ብዙ አያሳልፉት፤ አልኮል ደግሞ ቶሎ ያስተኛል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጣል። ከ7 ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ ለአዋቂ የሚመከር ነው።

በሁለት ታካሚዎች መካከል ደግሞ እጅ ሲታጠቡ የሚደረግ ቀላል ነገር አለ፦ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ይሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያውጡ፣ ስድስት ጊዜ ይድገሙ። አንድ ደቂቃ ይፈጃል። መውጫው ከመግቢያው መርዘሙ የልብ ምትን ያረጋጋል። ትንፋሹን ከእጅ መታጠብ ጋር ማያያዝ የሚያስፈልገው ሌላ ጊዜ ስለሚረሳ ነው።

ከሕመም ዕረፍት ወይም ከረጅም ዝለት ሲመለሱ በግማሽ ቀን ይጀምሩ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምርመራ፣ ጽዳትና ቀላል መሙላት ብቻ ይያዝ፣ ከባድ መንቀልና የመንጋጋ ሩት ካናል ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን አንድ ይጨመር። በአራተኛው ሳምንት ያንኑ የሰዓትና የውጥረት መዝገብ እንደገና ያስሞሉ። 7 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ቁጥሮች በዚያው በፊተኛው ምክንያት ላይ ከተገኙ የሥራውን መጠን ከመጨመርዎ በፊት ወደዚያ ምክንያት ይመለሱ።